አድዋ በጠረጴዛ ላይ

አድዋ ላይ ማን አሸነፈ ብሎ የሚጠይቅ የእኛ ሰው የለም። ጥያቄው ራሱ ያስቃል። ነገር ግን በእንግሊዝ፣ በአሜሪካ፣ በጣሊያንና በሌሎችም አገሮች አድዋን ዛሬም በጠረጴዛ ላይ የሚዋጉ ሰዎች አሉ። የጣት ቁመት የማይሞሉ ወታደሮችን አንድ በአንድ ቀለም ይቀባሉ፣ ከስፖንጅና ከጀሶ ተራራ ይሠራሉ፣ ርቀቱን በሜትር እየለኩና ዳይስ እየወረወሩ (እዚህ አገር ኩቢያ የምንለውን ማለት ነው) ቀኑን ሙሉ ይዋጋሉ። በእነዚህ ጠረጴዛዎች ላይ ታዲያ አንዳንዴ ጄኔራል ባራቲዬሪ ያሸንፋል።

ይህን መጀመሪያ ስንሰማ ከመካከላችን ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ ተቆጣ። «አያቶቻችን በሞቱበት ነገር እንዴት ይጫወታሉ?» ያሉ ነበሩ። «እኛስ የጦርነት ፊልም እያየን እራት እንበላ የለ እንዴ?» ብለው የመለሱም ነበሩ። ክርክሩ አላልቅ ስላለ የማኅበራችን የታሪክ ክበብ ጉዳዩን ያዘው። ክረምቱን ስናነብ ከረምን፣ የጨዋታዎቹን ደንብ አገኘን፣ በመጨረሻም እኛው ራሳችን አድዋን ሁለት ጊዜ ተጫወትነው። ያገኘነውን ለዘንድሮው መጽሔት እነሆ ብለናል። ለብቻው ካልጠቀስነው በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጦርነትን ጨዋታ ማድረግ የፈረንጅ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ሰንጠረዥ ራሱ ንጉሥ ያለው፣ ፈረስ ያለው፣ እግረኛ ያለው ጦርነት ነው። የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ደግሞ የራሱ የሆነ ጠባይ አለው፤ ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ፣ ጦራቸውን እያንቀሳቀሱ ያሰልፋሉ። ይሄ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ በዚሁ ይቀጥላል፤ ተራ በተራ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። እውነተኛ ጦርነት ውስጥም ጠላት «የእኔ ተራ ይለፍ» ብሎ ቆሞ አይጠብቅም። አውሮፓውያኑ ይህንን ችግር ለመፍታት ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ ደንብ ሲቀያይሩ ኖረዋል።

የእነሱም ጨዋታ የተነሳው ከዚያው ከሰንጠረዥ ነው። በ1780 በጀርመን በብራውንሽቫይግ ከተማ የቤተ መንግሥት ብላቴኖች አስተማሪ የነበረው ሄልቪግ የሰንጠረዡን ገበታ አሰፋውና ከአንድ ሺህ በላይ ቤቶች እንዲኖሩት አደረገ። አንዳንዱ ቤት ተራራ፣ አንዳንዱ ወንዝ፣ አንዳንዱ መንደር ሆነ። በ1812 ፎን ራይስቪትስ የሚባል የፕሩሲያ ባለሥልጣን ቤቶቹን ጭራሽ አስወገደና ለንጉሡ መሬቱ ሁሉ በቅርጽ የተሠራ ትልቅ የጨዋታ ጠረጴዛ አቀረበ። የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁ በ1824 ደንቡን አሻሽሎ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ጨዋታው በካርታ ላይ ሆነ፤ የሞተና የቆሰለውን ዳይስ ይወስናል፣ በመካከል ዳኛ ይቀመጣል፣ ተጫዋቹ ደግሞ የሚያየው ጦሩ ሊያይ የሚችለውን ብቻ ነው። የፕሩሲያ ጦር መኮንኖቹን በዚህ አሠለጠነ። ፕሩሲያ በ1870 እና 1871 ፈረንሳይን ካሸነፈች በኋላ ሌሎችም ጦሮች ተሽቀዳድመው ቀዱት። ጸባ ገብተው የአሸዋ ጠረጴዛ ዙሪያ ቆመው ትእዛዝ የተቀበሉ ልጆቻችን የዚህን ነገር ዘመድ በዓይናቸው አይተዋል ማለት ነው።

ከጦር ትምህርት ቤት አውጥቶ ሳሎን ቤት ምንጣፍ ላይ ያመጣው ግን ደራሲ ነው፤ እንግሊዛዊው ኤች ጂ ዌልስ። የጊዜ መኪናን የጻፈው ያው ሰውዬ። በ1913 «ትናንሽ ጦርነቶች» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ የብሪቴን ፋብሪካ ውስጣቸው ባዶ የሆነ የእርሳስ ወታደሮችን በርካሽ ያመርት ነበር፤ ከነሱም ጋር አንዲት ኢንች የምታህል የእንጨት ጥይት የምትተኩስ ባለሞላ መድፍ ነበረች። ዌልስና ጓደኞቹ መሬት ላይ ተንበርክከው በዚህች መድፍ የአንዱን ወታደር ሌላው ይጥላል። ጺማም ሰዎች ናቸው እንግዲህ። የመጽሐፉ ርእስ ላይ ጨዋታው ለወንዶች እንደሆነና ከሴቶችም የወንድ ጨዋታ ለሚወዱ ብልሆች እንደሚሆን ተጽፎበታል። ከክበባችን ሴቶች አንዷ ይህን ስታነብ «እቴጌ ጣይቱን አላወቋቸውም ማለት ነው» አለች። ዌልስ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ትንሿን ጦርነት የተጫወተ ሰው ትልቁ ጦርነት ምን ያህል የማይረባ ነገር እንደሆነ ይገባዋል የሚል ሐሳብ አስፍሯል። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነገሩ የብዙ ሰው መዝናኛ ሆነ። በአሜሪካ ጃክ ስክሩቢ ወታደሮችን እያቀለጠ ይሸጥና የተጫዋቾች መጽሔት ያወጣ ነበር። በእንግሊዝ ዶናልድ ፌዘርስቶን በ1962 ያሳተመው መጽሐፍ ብዙዎችን ወደ ጨዋታው አስገባ። ናፖሊዮን፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ሮማውያን፣ ሁሉም ተሠሩ። ከነዚህ መካከል አንዱ ዘርፍ ለብቻው ስም ወጣለት፤ «ኮሎኒያል» ይሉታል። አፍሪካና እስያ በቅኝ ግዛት የተያዙበት ዘመን ጦርነቶች ማለት ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ እኛን መንካት የሚጀምረው።

የኮሎኒያል ጨዋታ እናቱ ሲኒማ ነው ቢባል ብዙ አያጣላም። በ1964 «ዙሉ» የሚል ፊልም ወጣ። ፊልሙ የሚያሳየው ጥር 22 እና 23 ቀን 1879 በሮርክስ ድሪፍት ወደ 150 የሚጠጉ የእንግሊዝ ጦር ሰዎች ከ3,000 በላይ የሆኑ ዙሉዎችን እንዴት እንደመከቱ ነው። እንግሊዞች ለዚህ ውጊያ 11 የቪክቶሪያ ክሮስ ሜዳይ ሰጡ። ያን ዕለት ቀደም ብሎ ግን ከዚያው አቅራቢያ፣ ኢሳንድልዋና ላይ፣ ዙሉዎቹ ከ1,300 በላይ የእንግሊዝን ወገን ሰዎች ጨርሰው ነበር። ፊልሙ በዚህኛው ዜና ተጀምሮ ወዲያው ወደ ሌላኛው ያልፋል። በ1979 ላሪ ብሮም የተባለ አሜሪካዊ «ሰይፉና ነበልባሉ» የሚል ደንብ አሳተመ፤ እስካሁን ብዙ ሰው ይጫወተዋል። ደንቡ አንድ ጥሩ ብልሃት አለው። ማን ይንቀሳቀስ የሚለውን የሚወስነው ካርታ ነው፤ ቀይ ከወጣ የአንዱ ወገን ጓድ፣ ጥቁር ከወጣ የሌላው። ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም። ከወረራ ጋር ባይተካከልም ወደዚያ የሚጠጋ ነገር ነው፤ ወደድነው።

ያልወደድነው ሌላ ነው። በብዙዎቹ የኮሎኒያል ደንቦች ጠረጴዛው ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ አንዱ «መደበኛ»፣ ሌላው «የአገሬው ሰው»። መደበኛው ጥሩ ይተኩሳል፣ ተሰልፎ ይቆማል። የአገሬው ሰው ፈጥኖ ይሮጣል፣ በጨበጣ ይበረታል፣ ተኩሱ ግን ደካማ ነው። ከቁጥቋጦ ኋላ ድንገት ይወጣል። ብዙ ጊዜም የአገሬውን ሰው የሚያንቀሳቅሰው ተጫዋች ሳይሆን ዳኛው ነው፤ እንግዶቹ ሁሉ በእንግሊዝ ወገን ተቀምጠው የአገሬው ሰው እንደ ዝናብና እንደ ጎርፍ ይመጣባቸዋል ማለት ነው። ጎርፍ አያስብም፣ ስንቅ አይቆጥርም፣ ሰላይ አይልክም።

ተጫዋቾቹ ክፉ ሰዎች ናቸው እያልን አይደለም። ካነበብነው እንዳየነው ስለ ዙሉ ሠራዊት አደረጃጀት፣ ስለ ጋሻው ቀለም፣ ስለ አዛዦቹ ስም ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለአንድ ጋሻ ትክክለኛ ቀለም ሌሊት የሚቀመጥ ሰው ንቀት አለበት ለማለት ይከብዳል። ችግሩ ያለው ጨዋታ ሚዛን ስለሚፈልግ ነው። የኦምዱርማንን ውጊያ ውሰዱ። መስከረም 2 ቀን 1898 የኪችነር ጦር በማክሲም መትረየስና በመድፍ 10,000 የሚሆኑ የማህዲ ተከታዮችን ገደለ፤ ከእንግሊዝና ከግብፅ ወገን የሞተው 48 ሰው ነው። ይህንን ማን ይጫወተዋል? የማህዲን ጦር የያዘው ተጫዋች በአንድ ሰዓት ውስጥ ጠረጴዛው ባዶ ይሆንበታል። ስለዚህ ሱዳንን የሚወዱ ተጫዋቾች ወደ 1884 እና 1885 ይመለሳሉ፤ ወደ ታማይና ወደ አቡ ክሌአ፣ ጦረኞቹ የእንግሊዝን አራት ማዕዘን ሰልፍ ሰብረው ወደገቡበት። እኩል የሚያታግል ውጊያ ይመረጣል፣ እልቂቱ ይተዋል። እንዲህ እየተመረጠ ሲሄድ ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው የቅኝ ግዛት ዘመን ሁለት ብርቱ ወገኖች በክብር የተፋለሙበት ዘመን ይመስላል።

ስለ ሱዳኑ ጦር ደግሞ እኛ ሌላ ትዝታ አለን። በፈረንጅ ጠረጴዛ ላይ ደርቡሽ ማለት ባለ ጥፍጥፍ ልብስ፣ ባለ ባንዲራ፣ ሞት የማይፈራ ጀግና ነው። ለቅኝ ገዢው እምቢ ያለ ሰው ስለሆነ እኛም ብናደንቀው ደስ ይለን ነበር። ግን በ1888 መጀመሪያ በአቡ አንጃ የተመራው የማህዲ ጦር ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ደምቢያን ሲያጠፋና ጎንደርን ሲያቃጥል፣ የቤተ እስራኤል መንደሮች መንገዱ ላይ ነበሩ። በዓመቱ፣ በ1889፣ አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቁ። በነዚያው ዓመታት ነው ክፉ ቀን የገባው። በ1887 በምፅዋ በኩል ከውጭ ከመጣ ከብት ጋር የገባው የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጀ፣ እርሻ ቆመ፣ ረሃብና ወረርሽኝ እስከ 1892 ድረስ ሕዝቡን ጨረሰ። የቤተ እስራኤል ታሪክ በዚህ ላይ ከባድ ነው፤ መንደሮች ባዶ ቀሩ፣ የተረፈው ተሰደደ። ታላላቆቻችን «ደርቡሽ» ሲሉ ድምፃቸው የሚለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። አንድ የእርሳስ ወታደር በለንደን አንድ ነገር፣ በጎንደር ሌላ ነገር ነው።

ወደ አድዋ እንምጣ። አድዋ ለኮሎኒያል ተጫዋቾች አስቸጋሪ ውጊያ ነው፤ የለመዱትን ሁሉ ያፈርሳል። በእንግሊዝ አገር ወታደር ለሚቀቡ ሰዎች ዋና መመሪያ ከሆኑት ተከታታይ መጻሕፍት አንዱ በ2011 የወጣው ስለ አድዋ ዘመቻ ሠራዊቶች የሚናገረው ነው። ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ የሁለቱንም ወገን ልብስና መሣሪያ በሥዕል ያሳያል። ንዑስ ርእሱ ግን «የጣሊያን ጥፋት በኢትዮጵያ» የሚል ነው። አስተውሉ፤ «የኢትዮጵያ ድል» አይልም። አንድ ሰው አሸነፈ ሳይሆን አንድ ሰው ተሳሳተ ነው የተባለው። ከ1896 ጀምሮ በብዙ የፈረንጅ መጽሐፍ ውስጥ አድዋ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ የካርታ ስህተት፣ የጄኔራል ስህተት፣ የጠቅላይ ሚኒስትር ስህተት።

ስህተቱ አልነበረም አንልም፤ ነበረ። የካቲት 29 ቀን 1896 ማታ ባራቲዬሪ 17,700 ያህል ሰውና 56 መድፍ ይዞ ከሳውርያ ሰፈሩ በሌሊት ተነሣ። በስተግራ የአልቤርቶኔ ብርጌድ፣ በመካከል አሪሞንዲ፣ በስተቀኝ ዳቦርሚዳ፣ ከኋላ ኤሌና። አልቤርቶኔ የታዘዘው ኪዳነ ምሕረት የተባለ ኮረብታ ላይ እንዲቆም ነው። በእጁ ያለው ንድፍ ላይ ያ ስም የተጻፈው በሌላ ኮረብታ ላይ ነበር። መንገድ መሪዎቹ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት ነው አሉት፤ ሄደ። ጎሕ ሲቀድ ከጓደኞቹ ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ብቻውን፣ በኢትዮጵያ ጦር ፊት ተገኘ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ እሑድ።

ግን ሌላውስ? ጠላት ሲሳሳት ጠብቆ የሚያጠፋ ጦር ካልተዘጋጀ ስህተት ብቻውን ማንንም አይገድልም። በግምት ከ80,000 እስከ 100,000 ሰው ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሐረር፣ ከትግራይ፣ ከቤጌምድር ተጠርቶ ተራራ እየወጣ አድዋ ደርሷል። አብዛኛው ጠመንጃ ይዟል፤ ሬሚንግተን፣ ግራ፣ በርዳን። ከፊሉን ጠመንጃ ከውጫሌ ውል በፊትና በኋላ ለምኒልክ የሰጠችው ጣሊያን ራሷ ናት። ኢትዮጵያውያኑ ሆችኪስ የሚባለው ፈጣን መድፍም ነበራቸው። የጣሊያን ወታደሮች በበኩላቸው ከተለያየ ክፍለ ጦር ተለቃቅመው በአዲስ ሻለቃ የታቀፉ፣ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ነበሩ፤ አዲሱን ጠመንጃቸውን አስረክበው አሮጌውን ቬተርሊ ነው የያዙት። ታዲያ በጨዋታው ደንብ መሠረት «መደበኛው» ማነው? በ2016 በወጣ በጣም ታዋቂ የኮሎኒያል ደንብ ውስጥ እግረኛ ጦር መደበኛ፣ መደበኛ ያልሆነና የጎሳ ተብሎ ይከፈላል። የራስ መኮንንን ጦር ከየትኛው እንመድበው? «የጎሳ» ካልን ጠመንጃውን ቀማነው። ክበባችን በዚህ ላይ ሁለት ምሽት ተከራከረ። መጨረሻ ላይ በሁለቱ ወገን ያለውን በሙሉ በአንድ መደብ ጻፍነውና ልዩነቱን በአዛዥ፣ በስንቅና በመረጃ ላይ አደረግነው።

ቀለም ቀቢዎቹን አድዋ የሚያስቸግራቸው ሌላም ነገር አለ፤ ሒሳብ። አንድ አሻንጉሊት ለ20 ሰው ይቁም ብንል ጣሊያን 885፣ ኢትዮጵያ እስከ 5,000 አሻንጉሊት ያስፈልጋቸዋል። አንዱን ለመቀባት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ የኢትዮጵያው ወገን ብቻ 2,500 ሰዓት ነው። በቀን አንድ ሰዓት የሚቀባ ሰው ሰባት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ያውም የሸማው ጥለት፣ የጎፈሩ ጠጉር፣ የለምዱ ጌጥ ገና ሳይቆጠር። ስለዚህ ብዙዎቹ አንድ ጥግ ብቻ ይመርጣሉ፤ አልቤርቶኔ የተከበበበትን ወይም ዳቦርሚዳ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ እስከ ከሰዓት በኋላ የተዋጋበትን። ያኔ ጣሊያኖቹ ጥቂት፣ የተከበቡና ጀግና ሆነው ይታያሉ። ሮርክስ ድሪፍት እንደገና መጣ ማለት ነው። ማንም አስቦበት አይደለም፤ ቀለሙ ስላለቀ ነው።

እኛ ግን ገንዘብም ሰባት ዓመትም የለንም። አንዱን ቁራጭ ለ200 ሰው አደረግን። ከአንድ ሱቅ ያዘዝነው ጥቅል «አቢሲኒያውያን» ተብሎ የመጣ ሲሆን ሲከፈት ከሦስት ሁለቱ ጦርና ጋሻ ብቻ የያዙ ናቸው፤ እነሱን ከኋላ አቆምንና የቀረውን ከካርቶን ቆርጠን ሠራን።

የመጀመሪያው ጨዋታ አስተማሪ ነበር። ባራቲዬሪን የያዘው ልጅ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ ፈተናውን ገና የጨረሰ ነው። ተራው ሲደርስ «አልንቀሳቀስም» አለ። ሳውርያ ላይ ምሽጉን ይዞ ቁጭ! ምኒልክም ምሽግ ላይ ዘልለው አይገቡም፤ ዶጋሊንና መቀሌን ያየ ሰው በምሽግና በሜዳ መካከል ያለውን ልዩነት ያውቃል። ሁለቱም ወገን እያፈጠጠ አራት ተራ አለፈ። ከዚያ የስንቁ ሰንጠረዥ ዜሮ ሆነ፤ የኢትዮጵያ ጦር መበተን ጀመረ። ጣሊያን አንድ ጥይት ሳይተኩስ አሸነፈ። አዳራሹ ውስጥ ዝም ተባለ።

ይህ ደግሞ ተረት አይደለም። የካቲት መጨረሻ ላይ በአድዋ ዙሪያ እህል አልቆ ነበር፤ ምኒልክ በቀናት ውስጥ ሰፈር ለመልቀቅ ያስቡ ነበር። የባራቲዬሪም ስንቅ አልቆ ነበር። ልዩነቱ እሱን ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በቴሌግራም ይገፋው ነበር፣ በምሥጢርም ሌላ ጄኔራል ሊተካው ተሹሞ ነበር። ጄኔራሎቹን ሰብስቦ ሲጠይቃቸው ማፈግፈግን የደገፈ የለም። በሁለተኛው ጨዋታ ይህንን ደንብ ውስጥ አስገባን። በየተራው ዳኛዋ ለጣሊያኑ ተጫዋች አንድ ቴሌግራም ታነብለታለች፤ ሳይንቀሳቀስ በቆየ ቁጥር ነጥብ ይቀነስበታል። ሌላም ነገር ጨመርን። የጣሊያኑን ወገን ለሦስት ተጫዋቾች ከፈልንና ለእያንዳንዳቸው በእጅ የተሣለ ንድፍ ሰጠን፤ ኮረብታዎቹ ላይ ያሉት ስሞች ከጠረጴዛው ጋር አይገጥሙም። የኢትዮጵያ ወገን ተጫዋቾች ደግሞ በተራ ሳይሆን በወረራ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲንቀሳቀሱ ፈቀድን፤ አገሩን ስለሚያውቁት።

አልቤርቶኔን የያዘችው ልጅ ሄደች፣ ሄደች፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ራስ አሉላ፣ ራስ መንገሻና ራስ ሚካኤል በየኮረብታው ሥር ተነሡ። እቴጌን የያዘችው፣ ጸባ ጨርሳ የመጣች ልጅ፣ መድፎቹን ከኋላ አስጠግታ ወደ መካከል አስገባች። ፊታውራሪ ገበየሁ በሁለተኛው ተራ ወደቁ፤ በእውነቱም ቀን ከወደቁት ናቸው። አሪሞንዲ የራሱ ሰዎች እየሸሹ ፊቱን ስለሸፈኑበት መተኮስ አልቻለም፤ ይሄም በእውነቱ ቀን የሆነ ነው፣ እኛ ግን በደንብ አላስገባነውም፣ በራሱ መጣ። በጨዋታው መጨረሻ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞተዋል፣ አልቤርቶኔ ተማርካለች። ተማርካ ሳቀች።

በጨዋታው መካከል አንድ አባት ገቡ። ከጎንደር ወገራ የመጡ፣ ማኅበራችን ሲኒማ ወይም በዓል ሲያዘጋጅ የማይቀሩ ናቸው። ጠረጴዛውን ዞረው ዞረው አዩና «ልጆቼ፣ በቅሎዎቹ የታሉ?» አሉ።

«የምን በቅሎ አባባ?»

«እህሉን የተሸከመው ነዋ! ሴቶቹስ? ወፍጮ ይዘው የተከተሉት? ይሄ ሁሉ ሰው ምን በልቶ ነው የሚዋጋው?»

መልስ አልነበረንም። እኛ ስንቅን በሰንጠረዥ ላይ ቁጥር አድርገን ነው ያስገባነው። የኢትዮጵያ ዘመቻ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚሄደው፤ ከወታደሩ ጋር የሚፈጩ፣ የሚጋግሩ፣ ጠጅ የሚጥሉ፣ ውኃ የሚቀዱ ሴቶች፣ አህያና በቅሎ የሚነዱ ሰዎች፣ ጦርና ማረሻ የሚቀጠቅጡ ቀጥቃጮች ይጓዛሉ። ቀጥቃጭ ሲባል ደግሞ በጎንደር አካባቢ ማን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ርስት የሌለው፣ በቀን «ቡዳ» እየተባለ የሚፈራ፣ ግን ያለ እሱ ጦሩም ማረሻውም የማይሳል ሰው። በየትኛውም የኮሎኒያል ደንብ ውስጥ ለእሱ ቁጥር የለውም። በእኛም ውስጥ አልነበረም።

ሌላም የማይገባ ነገር አለ። ጨዋታው አንዱ ወገን ሲሰበር ያልቃል፤ ታሪኩ ግን አላለቀም። በአድዋ ከጣሊያን ወገን ወደ 6,000 ሰው ሞተ፣ ወደ 3,000 ተማረከ፤ ከኢትዮጵያም በሺህ የሚቆጠር ሰው ሞተ፣ ከዚያ የበዛ ቆሰለ። ከተማረኩት ለጣሊያን የተዋጉ አስካሪዎች በመቶ የሚቆጠሩት እንደ ከዳተኛ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። እኛ ጠረጴዛ ላይ አስካሪዎቹ ረጅም ቀይ ታርቡሽ ያደረጉ፣ ከሁሉም በላይ ቆንጆ ሆነው የተቀቡ ናቸው። ይህን ለማያውቁት ልጆች ስንነግራቸው አንዷ አንዱን አሻንጉሊት አንስታ ለረጅም ጊዜ በእጇ ይዛ ቆየች። ማን ምን ይበላት? እኛ የምናስበው ይህ ነው፤ መጫወቱ አይከለከልም፣ ጨዋታው ሲያልቅ ግን ቁራጮቹ ወደ ሣጥን ከመግባታቸው በፊት ይሄም ይነበብ። በእኛ ክበብ አሁን ልማድ ሆኗል፤ ዳኛዋ ታነባለች፣ ከዚያ ነው ቡና የሚፈላው።

በቅሎዎቹን በተመለከተ መላ ተገኝቷል። ጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ ትናንሽ ምስሎች እየሠሩ ለመንገደኛ በመሸጥ የምትታወቅ መንደር ነበረች። ሰው፣ አንበሳ፣ ፈረስ፣ እንስራ የተሸከመች ሴት ይሠሩ ነበር። ፈረንጆቹ በፋብሪካ የሚያቀልጡትን ያክል የእኛ እናቶች በእጃቸው ይሠሩት ነበር ማለት ነው፤ ይህንን ያሰብነው አባባ ከሄዱ በኋላ ነው። ከማኅበራችን አባላት የአንዷ አያት በልጅነታቸው ሸክላ ሲሠሩ ያደጉ ናቸው። ስንጠይቃቸው «ጭቃው የእዚህ አገር ነው፣ አይታዘዝም» ብለው አመነቱ፣ ከዚያ እሺ አሉ። የመጀመሪያዎቹ በቅሎዎች ሲተኮሱ ጆሯቸው ረገፈ። ሁለተኛዎቹ ደህና ወጡ፣ ግን ከወታደሮቹ በሦስት እጥፍ ይበልጣሉ፤ አንድ በቅሎ አጠገቡ የቆመውን የአሪሞንዲን ሻለቃ በሙሉ ይጋርዳል። «አሳንሱልን እማማ» ስንላቸው «እናንተ ሰዎቻችሁን አሳድጉ እንጂ!» ብለውናል። ይህን እስከጻፍንበት ሳምንት ድረስ አሥራ አራት በቅሎና በወፍጮ ላይ ያጎነበሱ ሦስት ሴቶች ደርሰዋል፤ ቀጥቃጩ ገና እየደረቀ ነው።